የታጣ ዕቃ ደብተር፦ ከለንደን ሙዚቃ ቤቶች መዘጋት ለወጣቶች የቀረበ ምክር

ውድ ወጣቶች፣

ባለፉት ዓመታት በሥራዬ ምክንያት ሱቅ ሊከፍቱ ከሚያስቡና በሰው ሱቅ ተቀጥረው ከሚሠሩ በርካታ ወጣቶች ጋር ተገናኝቻለሁ። በለንደን ከተማ ሙዚቃና ፊልም በሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ለ22 ዓመታት መሥራቴን ሲሰሙ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሡልኛል፦ «እነዚያን ሱቆች ያጠፋቸው ኢንተርኔት አይደለም እንዴ? ታዲያ ከጠፋ ንግድ ምን እንማራለን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቆመ ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላቀርበው መረጥሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ከሙዚቃ ቤት ጋር የተዋወቅሁት ፒያሳ ነው። ጊዜው ሸክላ እየቀረ ካሴት በየቤቱ እየገባ የነበረበት የ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ከሰቀለ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ መዋል ልማዴ ነበር። ባለሱቁ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ዘፈን ሊያስቀዳ የመጣ ሰው ግጥሙን ረስቶ ዜማውን ብቻ ሲያንጎራጉርላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ያዳምጡና የዘፋኙን ስም ይነግሩት ነበር። ያላወቁት እንደሆነ ደግሞ ሰውየው የተናገረውን በእርሳስ ከትበው «ነገ ተመለስ» ይሉታል። ያን እርሳስና ያን ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1984 ለንደን ውስጥ በተቀጠርሁበት ሱቅ ባንኮኒ ላይ በሌላ መልክ አገኘሁት።

በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ከተሞች ዋና ጎዳና ላይ ሙዚቃ ቤት የሌለበት ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ለንደን ኦክስፎርድ ስትሪት 363 ቁጥር ላይ የሚገኘውን የኤች.ኤም.ቪ. ሱቅ በ1921 መርቆ የከፈተው ታላቁ የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር ነበር። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ያለው ስፒለርስ የተባለው ሱቅ ደግሞ ከ1894 ጀምሮ የሸክላ ነገር ሲሸጥ የኖረ ነው። እኔ የገባሁበት ሱቅ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ስም አልነበረውም፤ ጥቂት ቅርንጫፎች የነበሩት ድርጅት ነበር። ሆኖም በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ፣ እንዲያውም በእያንዳንዱ የመደርደሪያ ክፍል፣ ዕቃ የሚያዝዘው እዚያው ቆሞ የሚሸጠው ሠራተኛ ነበር። ጃዝ የሚሸጠው ጃዙን፣ ክላሲካል የምትሸጠው ክላሲካሉን ለአከፋፋዩ በስልክ ያዝዛሉ፤ ዕቃውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርሳል።

ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ይቀመጥ ነበር። በውስጡ የሚጻፈው የሸጥነው አይደለም፤ የሸጥነውንማ ማሽኑ ይመዘግበዋል። የምንጽፈው ሰው ጠይቆን ያጣውን ነው። ቀኑን፣ የተጠየቀውን ዕቃ፣ ጠያቂው የተናገረበትን ቃል ሳይታረም፣ በመጨረሻም ዕቃው ተገኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ እንጽፋለን። እኛ «የታጣ ዕቃ ደብተር» እንበለው። አለቃዬ ያስተማረኝ ሕግ ቀላል ነበር፦ አንድ ሰው ከጠየቀ ፈልገህ አምጣለት፤ ሁለት ሰው ከጠየቀ ሦስት እዘዝና አንዱን ፊት ለፊት አስቀምጠው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ኋላ ላይ ሳጣራ፣ ብዙ ጥሩ ሙዚቃ ቤቶች በየራሳቸው መንገድ ይሠሩበት እንደ ነበር ተረዳሁ። ከሁሉ የሚታወቀው የሊቨርፑሉ የብራያን ኤፕስታይን ታሪክ ነው። ኤፕስታይን የቤተሰቡን ሱቅ የሙዚቃ ክፍል ሲያስተዳድር፣ የተጠየቀ ዕቃ ሁሉ ተፈልጎ እንዲገኝ የሚል ጥብቅ መመሪያ ነበረው። በ1961 መገባደጃ ወጣቶች ጀርመን ውስጥ የተቀዳ አንድ ሸክላ እየመጡ ይጠይቁት ጀመር፤ እርሱም ዕቃውን ሲያፈላልግ ዘፋኞቹ ከሱቁ ጥቂት መቶ እርምጃ ርቆ በሚገኝ ምድር ቤት ውስጥ በየጊዜው የሚጫወቱ የከተማው ልጆች መሆናቸውን ደረሰበት። ሄዶ አያቸው፤ ሥራ አስኪያጃቸውም ሆነ። ልጆቹ ቢትልስ ነበሩ። ይህን ታሪክ ሰዎች የዕድል ነገር አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ባንኮኒ ላይ ለቆመ ሰው የተነገረ የሥራ ትምህርት አድርጌ ነው የምወስደው። ጥያቄውን የሰማው ሻጭ «የለንም» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ኤፕስታይን ወደዚያ ምድር ቤት የሚወስደው ምክንያት ባልኖረው ነበር።

በእኔም ሱቅ ደብተሩ ያመጣውን አንድ ነገር ላንሣ። በ1986 የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ብራሰልስ ከተማ በሸክላ ታትመው ለአውሮፓ አድማጭ ቀርበው ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደብተሩ ላይ በሌሎች ሠራተኞች የእጅ ጽሑፍ እንግዳ ጥያቄዎች ይታዩኝ ጀመር። አንዱ፣ «ወንድ ዘፋኝ፤ ሳክስፎን አለበት፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ምናልባት አፍሪካ» ይላል። ጠያቂው እንግሊዛዊ ነበረ፤ ዘፈኑን ሰው ቤት ሰምቶት ኖሯል። ያን መስመር ከእኔ በቀር ማን ሊፈታው ይችል ነበር? አዝዤ አመጣሁለት፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ሌሎች ሰዎች ገዙ። ችግሩ የት እናስቀምጠው የሚለው ነበር። በ1987 ለንደን ውስጥ የአነስተኛ አሳታሚ ድርጅቶች ሰዎች አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ሥራዎችን በጋራ የሚያስጠራ «የዓለም ሙዚቃ» የሚል ስም ለመጠቀም ተስማሙ። ዛሬ ይህ ስም ለምን ሁሉን በአንድ ያጭቃል ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱም እውነት አለበት። የተፈጠረበት ምክንያት ግን ሙዚቃ ቤቶች በመደርደሪያቸው ላይ የሚለጥፉት ጽሑፍ እንዲያገኙ ነበር፤ ከዚያ ጽሑፍ በኋላ የአገሬ ሰዎች ድምፅ ለንደን ውስጥ ቋሚ ቦታ አገኘ። በ1997 ደግሞ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች ከፓሪስ በተከታታይ መውጣት ሲጀምሩ፣ ባዶ የነበረው መደርደሪያ ሞልቶ ተረፈ። አንዲት እናት በእሑድ ቀን መጥተው ሲዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ይህን እዚህ አገር አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብሁም» ያሉኝን አልረሳውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የምሠራበት ድርጅት ዕቃ የማዘዙን ሥልጣን ከቅርንጫፎች ወስዶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አዛወረው። ይህን ያደረገው የእኛ ድርጅት ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ አካሄድ እንዲያ ነበር። ውሳኔውን ሞኝነት ብዬ አልናገርም፤ በብዛት ያዘዘ ድርጅት ከአሳታሚዎች የተሻለ ቅናሽ ያገኛል፤ ኮምፒውተርም የትኛው ዕቃ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሸጥ ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተሸጠውን ነው። ተጠይቆ የታጣውን አያውቅም፤ በሱቁ ውስጥ የሌለ ዕቃ ሊሸጥ አይችልምና። ስለዚህ ሥርዓቱ በየወሩ የሚሸጠውን እያበዛ፣ ቀስ ብሎ የሚሸጠውን እየቀነሰ ሄደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰሜን ለንደኑ ቅርንጫፋችንና የደቡቡ ቅርንጫፋችን መደርደሪያ ልዩነት አልነበረውም።

ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ቀረ። መጀመሪያ ላይ እንጽፍበት ነበር፤ የጻፍነውን የሚፈጽም ግን ጠፋ። ከዚያም ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይህ ነው። ቀድሞ በሳምንት ሁለት ገጽ የሚሞላው ደብተር በ2003 ገደማ በወር አንድ ገጽ እንኳ መሙላት አቃተው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ፣ «ደንበኞቻችን የሚፈልጉትን እያገኙ ነው ማለት ነው» ብዬ መለስሁለት። በቅንነት ነበር የመለስሁት፤ እርሱም ደስ ብሎት በሪፖርቱ ላይ ጻፈው። እውነቱ ግን ሰዎች መጠየቅ ማቆማቸው ነበር። ወደ ሱቃችን ገብተው መደርደሪያውን በዓይናቸው ዳሰስ ያደርጉና፣ ያልተገኘውን ዕቃ ማታ ቤታቸው ገብተው ከአማዞን ያዝዙ ነበር። ቅሬታም አላቀረቡም፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ። ለነጋዴ ከደንበኛ ቁጣ ይልቅ የደንበኛ ዝምታ አስፈሪ መሆኑን በዚያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም እንደማምነው እርግጠኛ አይደለሁም፤ የገንዘብ ሳጥኑ ገና ሙሉ ነበርና።

ሳጥኑን ሙሉ ያደረገው ዲቪዲ ነበር። ፊልም በዲስክ መሸጥ በእነዚያ ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ስለ ነበረው፣ ሙዚቃ ቤቶች የሙዚቃውን ቦታ እየቀነሱ ለፊልምና ለጨዋታ ዲስኮች ሰጡ። ገቢው የውስጡን ሕመም ሸፈነው።

ከውጭ የመጣው ጫናም ቀላል አልነበረም፤ ሁሉን በራሳችን ጥፋት ላሳብብ አልፈልግም። ከ1999 ጀምሮ ናፕስተር ዘፈንን በነፃ ማውረድን አስለመደ፤ በ2004 አፕል በብሪታንያ ዘፈን በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ፤ ትልልቆቹ የምግብ መደብሮች በሳምንቱ ታዋቂ የሆኑትን ዲስኮች ብቻ መርጠው እኛ ከምንገዛበት ዋጋ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ብዙ ሰው የማያነሣው ደግሞ የግብር ጉዳይ ነው። ከ18 ፓውንድ በታች የሆነ ዕቃ ከጀርሲና ከገርንዚ ደሴቶች በፖስታ ሲላክ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነበር። አንድ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ከዚያ ዋጋ በታች ስለሆነ፣ ብዙ የኢንተርኔት ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከደሴቶቹ ይልኩ ጀመር። በዋናው ጎዳና ላይ ያለ ሱቅ በዚያው ዲስክ ላይ 17.5 በመቶ ታክስ ይጨምር ነበር። መንግሥት ይህን ቀዳዳ ለደሴቶቹ የዘጋው በኤፕሪል 2012 ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሱቆች አልነበሩም።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ቤት ለመከራየት የምታስቡ ልብ ብላችሁ አንብቡት። በእንግሊዝ አገር የንግድ ቤት ኪራይ በልማድ የሚከፈለው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ የሦስት ወሩ በአንድ ላይ፣ አስቀድሞ ይከፈላል። ቀኖቹ ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25 ናቸው። ብዙዎቹ ሙዚቃ ቤቶች የፈረሙት ውል ለ20 ወይም ለ25 ዓመት የሚቆይ፣ ኪራዩም በየአምስት ዓመቱ ሲከለስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መሄድ የማይችልበት ዓይነት ነበር። የሙዚቃና የፊልም ንግድ ትልቁን ገቢ የሚያገኘው ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ገናው ያልቀናው ሱቅ በዚያው ዕለት የሦስት ወር ኪራይ ይጠብቀዋል፤ ቀጥሎም ገበያ የማይኖርበት ጃንዋሪ ይመጣል። ዛቪ፣ ማለትም የቀድሞው የቨርጂን ሙዚቃ መደብር፣ በዲሴምበር 24 ቀን 2008 ለኪሳራ አስተዳዳሪዎች ተሰጠ። ኤች.ኤም.ቪ. በጃንዋሪ 2013፣ እንደገናም በዲሴምበር 2018 መጨረሻ በዚሁ መንገድ ሄደ። ፊልም የሚያከራየው ብሎክባስተርም በዚያው በጃንዋሪ 2013፣ ኔትፍሊክስ ብሪታንያ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ወደቀ። ወራቱን ስታዩ የኢንተርኔትን ብቻ ሳይሆን የኪራይን የቀን መቁጠሪያም ታያላችሁ።

የዛቪ አወዳደቅ ሌላም ትምህርት አለው። ዲስክ የሚያከፋፍልለት ድርጅት የዎልዎርዝስ ንብረት ነበር። ዎልዎርዝስ የመጀመሪያውን የብሪታንያ ሱቁን በ1909 ሊቨርፑል ውስጥ የከፈተ፣ በመጨረሻው ዘመኑ 807 ሱቆችና 27 ሺህ ያህል ሠራተኞች የነበሩት መደብር ሲሆን፣ በርካታ ብሪታንያውያን በልጅነታቸው የመጀመሪያ ሸክላቸውን የገዙት ከእርሱ ነው። በኖቬምበር 2008 ሲወድቅ አከፋፋዩንም ይዞ ወደቀ፤ ዛቪም በገና ዋዜማ የሚሸጠውን ዕቃ የሚያመጣበት መንገድ ተዘጋበት። ዕቃችሁን ሁሉ ከአንድ አከፋፋይ የምትወስዱ ከሆነ፣ የዚያን አከፋፋይ ጤንነት እንደ ራሳችሁ ሱቅ ጤንነት ተከታተሉ።

እኔ እንጀራዬን የበላሁበት ሱቅ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ በ2006 ተዘጋ። የመጨረሻ ቀን መደርደሪያዎቹ ሳይቀሩ ተሸጡ። ደብተሮቹን ማንም ስላልፈለጋቸው እኔ ወሰድኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው፤ አሁንም ቤቴ አሉ።

«እንዲያ ከሆነ ሱቆቹ ምንም ቢያደርጉ መውደቃቸው አይቀርም ነበር» የሚል ካለ፣ የዋተርስቶንስን ጉዳይ ይመልከት። ዋተርስቶንስ በ1982 የተመሠረተ የመጻሕፍት መደብር ሲሆን፣ ከ1998 እስከ 2011 ባለቤቱ የኤች.ኤም.ቪ. ድርጅት ነበር። አማዞን ሥራውን የጀመረው በመጽሐፍ ስለሆነ መጀመሪያ መውደቅ የነበረበት ዋተርስቶንስ ነው። በ2011 ለሌላ ባለሀብት በ53 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ፣ ጀምስ ዶንት የተባለ፣ የራሱን ጥቂት የመጻሕፍት ሱቆች ያስተዳድር የነበረ ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ዶንት አሳታሚዎች ገንዘብ ከፍለው መጽሐፋቸውን በመስኮት የሚያስደረድሩበትን ልማድ አቆመ፤ ምን ይቀመጥ፣ ምን ፊት ለፊት ይውጣ የሚለውን ውሳኔም ለየሱቁ ሠራተኞች መለሰ። ዋተርስቶንስ ዛሬም አለ። ኤች.ኤም.ቪ.ም በ2019 አንድ የካናዳ ሙዚቃ ነጋዴ 100 ሱቆቹን ከገዛ በኋላ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ በኖቬምበር 2023 የኦክስፎርድ ስትሪት 363 በር እንደገና ተከፈተ። በመካከሉ ያን ቤት የከረሜላ መሸጫ ይዞት ነበር። በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሄጄ ነበር፤ ልጆች ሸክላ ይዘው ሽፋኑን እያነበቡ ተሰልፈዋል። በብሪታንያ በ2007 በዓመት 200 ሺህ ገደማ ብቻ ይሸጥ የነበረው ሸክላ በ2023 ወደ 5.9 ሚሊዮን መድረሱን አውቅ ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሙዚቃ ቤት ክፈቱ ለማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት ሙዚቃ ቤቶችም ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ወደ መጫን ሲሻገሩ አይቻለሁ፤ የልጅነቴ ፒያሳም ብዙው ክፍሉ በ2024 ፈርሷል። የእናንተ ንግድ ልብስ፣ የስልክ ዕቃ፣ መድኃኒት ወይም ቡና ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን፣ የታጣ ዕቃ ደብተር እንዲኖራችሁ አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ደንበኛው የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ፤ «ሰማያዊ ግን ያልደመቀ» ካለ «ሰማያዊ» ብላችሁ አታሳጥሩት። በስልክ ወይም በድረ ገጽ የምትሸጡ ከሆነ ደብተሩ እዚያው ተደብቋል፤ ሰዎች በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ጽፈው ምንም ውጤት ያላገኙባቸው ቃላት ሁሉ ይመዘገባሉ፤ ያንን ዝርዝር የሚከፍት ነጋዴ ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥመኝም። በየሳምንቱ ክፈቱት። ተቀጣሪ ከሆናችሁም ጻፉ፤ አለቃችሁ ባይጠይቃችሁም ጻፉ፤ የማይሰማ አለቃ ቢገጥማችሁ እንኳ ዕውቀቱ የእናንተ ሆኖ ይቀራል። እኔ ከሱቁ መዘጋት በኋላ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስለ ክምችት አያያዝ ምክር እየሰጠሁ የኖርሁት በእነዚያ አሥራ አንድ ደብተሮች ላይ ቆሜ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገጹ ሲነጣ ንቁ። ጥያቄ ሲቀንስ ከባንኮኒው ጀርባ ውጡና በሩ አጠገብ ቁሙ፤ ባዶ እጁን የሚወጣውን ሰው በአክብሮት «ምን ፈልገው ነበር?» በሉት። በ2003 እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው። አንዳንዱ «ዝም ብዬ ሳይ ነው» ይላችኋል፤ ከአሥሩ አንዱ ግን ቆሞ ይነግራችኋል፤ የእርሱን ጻፉ።

ኪራይን በተመለከተም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ገበያችሁ የሚሞላባቸውንና የሚደርቅባቸውን ወራት በወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ የክፍያውን ቀን ከዚያ ጋር አስተያዩት፤ ባለቤቱን በየወሩ እንድትከፍሉ ለምኑት፤ ከረጅም ውል መውጫ የሚሰጥ አንቀጽ ከሌለ በችኮላ አትፈርሙ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የልጆች ልብስ መሸጫ ልትከፍት መሆኑን ነግራኝ፣ ከየት ልጀምር ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም አራቱን ዓምዶች በእጄ አሰመርሁላት። እናንተም ብትጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ወር ገጾች ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ በደስታ አነባቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቀድሞ የሙዚቃ ቤት ሠራተኛ፣ ለንደን